ለእሱ የሚመጡት ማስታወቂያዎች

ባሏ በሞተ በአምስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መጽሐፍ ጠራዧ የእሱን ላፕቶፕ ከፈተች። ሌላ ነገር ፈልጋ አልነበረም፤ ሻጋታ የበላው የቆዳ ሽፋን በምን እንደሚጸዳ ልታይ ነው። በሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተገነጠሉ መጻሕፍት ስትሰፋ፣ ስታጣብቅ፣ መጭመቂያ ስር ስታሳድር የኖረች ሴት ናት። መርፌዋና በሰም የታሸ ክሯ ከጣቶቿ የበቀሉ ይመስላሉ። ሻጋታ ግን ሁልጊዜ ያሸንፋታል። «ሻጋታ እንደ ሐሜት ነው» ትላለች፤ «ከላይ ስትጠርጊው ከስር ይዘልቃል።»

ገጹ ሲከፈት፣ ስለ ሻጋታ ከሚያወራው ጽሑፍ ጎን አንድ ሥዕል ቀስ ብሎ ብቅ አለ። ሐይቅ ነው። ሐይቁ ላይ ጭጋግ ተኝቷል፤ ከጭጋጉ ውስጥ ረጅም የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ወጥቷል። ከስሩ «የመረጡት ዘንግ አሁንም እየጠበቀዎት ነው» ይላል።

ጠራዧ በሕይወቷ ዘንግ መርጣ አታውቅም። ወደ ታች ወረደች። የበረንዳ ቲማቲም ዘር። ቀጥሎ ጫማ፤ ቡናማ፣ ማሰሪያ ያለው፣ ቁጥር አርባ ሦስት፣ «ሰፊ እግር ላላቸው»።

እጇን ከላፕቶፑ ላይ አነሳች። አርባ ሦስት ቁጥር፣ ሰፊ እግር። ያ እግር የማን እንደሆነማ ታውቃለች።

ባሏ የሊፍት መካኒክ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በየሕንፃው ጣሪያ ስር፣ ሞተር በሚያጓራበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ገመድና የማርሽ ጥርስ ሲመረምር ኖሯል። ራሱ ግን ሊፍት አይወድም። «ሊፍትን የሚያውቅ ሰው በደረጃ ነው የሚሄደው» እያለ አምስተኛ ፎቅ ድረስ ሲያለከልክ ይወጣ ነበር። ወሬ አያበዛም። አንድ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመች፤ አምቡላንሱ የደረሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። ለዘመድ ተነገረ፣ ለጎረቤት ተነገረ፣ ለመሥሪያ ቤቱ ተነገረ። ላፕቶፑን ግን ማንም አላረዳውም። ሞቱን ያልሰማ እሱ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ እንደ ድሮው ሰውየውን መጥራቱን ቀጥሏል። ይምጡ፣ ይመልከቱ፣ የመረጡት አላለቀም።

ጠራዧ ያን ጠዋት መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ ወዴት እንደሄደ ሳታውቀው ጉንጯ ረጥቦ አገኘችው።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነባት። በየጠዋቱ ሥራ ከመሄዷ በፊት ሻይዋን ይዛ መስኮቱ ስር ትቀመጣለች። ነጩ መጋረጃ አየር ሲገባበት ይነፋል፣ ሲወጣበት ይሟሽሻል፤ የተኛ ሰው ደረት ይመስላል። ዓይኖቿን ግማሽ ከድና ስክሪኑን ስታየው ሥዕሎቹ ሐይቅ ውስጥ እንደሚዋኙ ዓሦች ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ባሏ ከኋላዋ ቆሞ በትከሻዋ ላይ የሚያነብ ይመስላታል። ዞር አትልም። ዞር ካለች እንደሚጠፋ ታውቃለች።

«ደግሞ ዓሣ ያማረህ ከመቼ ወዲህ ነው፣ አንተ ሰውዬ?» ትለዋለች። በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው አንድም ቀን ዓሣ ላጥምድ ብሎ አያውቅም። ለሷ ያልነገራት ሐይቅ በሆዱ ይዞ ኖሯል ማለት ነው። ይህ ሲገባት እንደ መቅናት ነገር ልቧን ቆንጠጥ ያደርጋትና መልሶ ይተዋታል።

ልጃቸው የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ቢሆናትም ቤት ውስጥ ያው «ሚጣ» ናት። አንድ እሑድ ከሰዓት መጣችና ከእናቷ ጎን ስትቀመጥ ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አረፈ።

«እማዬ! ይሄ ሁሉ የሚጨፍረው ምንድነው?»

«ማስታወቂያ ነዋ።»

«ማስታወቂያ መሆኑንማ አየሁ። በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል እንዴት ነው የምታነቢው? ቆይ ላግድልሽ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።»

«አትንኪው!»

እናቷ እንዲህ ጮኻባት አታውቅም። የጠራዧ ድምፅ እንደ መርፌዋ ቀጭን ነው፤ ሲቆጣ ደግሞ ይብስበታል። ሚጣ እጇን ሰብስባ ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆይታ እንደ አስተማሪነቷ ከሥሩ ጀምራ ማስረዳት ያዘች።

«ስሚኝ እማዬ። አንድ ገጽ ስትከፍቺ የሚያይሽ ገጹ ብቻ አይደለም። ከኋላው ስማቸውን የማታውቂያቸው ድርጅቶች ተኮልኩለዋል። ምን እንዳነበብሽ፣ ምኑ ላይ እንደቆየሽ፣ ምኑን አይተሽ እንዳለፍሽ ይመዘግባሉ። ከገጽ ገጽ እግር በእግር ይከተሉሻል። ከዚያ የሰበሰቡትን ይሸጡታል።»

«ለማን?»

«ለከፈለ ሁሉ።»

«ይከተሉኝ እንግዲህ። አባትሽ ከሞተ ወዲህ ሌላ ማን ይከተለኛል?»

እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጨመረች። «ደግሞ እኔን አይደለም የሚከተሉት። እሱን ነው። እዪው እስቲ።»

ልጅቷ አየች። ቡናማውን ጫማ አየች፤ ቁጥሩን አየች። ፊቷ ቀስ እያለ ተለወጠ። የእናቷን እጅ ያዘችና «እማዬ፣ እነዚህ ሰዎች አባዬን አያውቁትም እኮ» አለች።

«ቁጥሩን ያውቃሉ።»

«ቁጥሩን ማወቅና ሰውየውን ማወቅ አንድ ነው?»

«ይህን የምትጠይቂኝ አንቺ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ!» አለች እናት፤ ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ በዚሁ ታለፈ። ላፕቶፑም እንዳለ ቀረ።

ላፕቶፑ ግን ሞኝ አልነበረም። ጠራዧ ስለ ሙጫ ታነባለች፣ ስለ ጉልበት ሕመም ታነባለች፣ እንቅልፍ እንቢ ሲላት ስለ እንቅልፍ ታነባለች። እሱም ይታዘባል። በሦስተኛው ሳምንት ሐይቁ መምጣት ቀነሰ። በቦታው የጉልበት ቅባት መጣ። የቲማቲሙ ዘር ጠፍቶ የመኝታ ሻይ መጣ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ መስኮት ዳር ብቻዋን የተቀመጠች ሽበታም ሴት ብቅ አለች። «ብቸኝነት ይሰማዎታል?» ይላል ከስሯ።

ጠራዧ ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። ሴትየዋ የተቀመጠችበት መስኮት መጋረጃው ነጭ ነበር። ማን ነገራቸው? ለጎረቤት እንኳ ደህና ነኝ ነው የምትለው፤ ለልጇም ደህና ነኝ ነው የምትላት።

ከዚያ ቀን በኋላ ባሏን ልታቆየው ታገለች። ሌላ ቃል የለውም፤ ትግል ነበር። ሆን ብላ ስለ ዓሣ ማጥመድ ታነባለች። የወንድ ጫማ እየከፈተች ረጅም ጊዜ ትቆይበታለች። የቲማቲም በሽታ ዓይነቱን ሁሉ አጠናች። ላፕቶፑን ይዛ ሥራ ቦታ ወርዳ በምሳ ሰዓት ሳይቀር ስለ ዘንግና ስለ መንጠቆ ታነብ ጀመር። አብሯት የሚሠራው ሽማግሌ፣ ወሬ ማቆም ስለማይሆንለት በቀልድ «ጋሼ ዝምታ» የሚባለው፣ በትከሻዋ አሻግሮ አየና «ምነው እቴ፣ መጽሐፉ አልቆ ዓሣ ልትጠርዢ ነው እንዴ?» አላት። ሳቀች። ሆዷ ግን አልሳቀም። ሥዕሎቹ እንደ ድሮው ተመልሰው መጡላት፤ ግን እሱ ጠርቷቸው አልመጡም፤ እሷ ናት ጎትታ ያመጣቻቸው። ከኋላዋ የሚቆም ሰው አልነበረም።

አንድ ማስታወቂያ ግን ሳትጠራው ነበር የሚመጣው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ነበር፤ ልብ አላለችውም እንጂ። የሰው ጆሮ ሥዕል ነው፤ ጆሮው ላይ ከባቄላ የማትበልጥ ትንሽ መሣሪያ ተሰክታለች። «የሚወዱትን ሰው ድምፅ እንደገና ይስሙ። የጀመሩትን ቀጠሮ ይጨርሱ።» ከሥሩ አድራሻ አለ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ሦስት ፌርማታ ነው።

እስከዚያ ቀን «ለኔ ነው፤ ሽበቴን አይተው ነው» ብላ ስታልፈው ኖራለች። «ይስሙ» የሚለው ቃል ወንድና ሴት አይለይም፤ ለማን እንደተባለ የሚያውቀው ያለው ብቻ ነው። ያን ሐሙስ ጠዋት ግን «የጀመሩትን» የምትለዋ ቃል ያዘቻት። እኔ የጀመርኩት ቀጠሮ የለኝም፤ ታዲያ ማን ጀመረው?

ወደዚያ አድራሻ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጣ፣ መስታወቱ ላይ ዝናብ እየወረደ፣ ያለፉት ሦስት አራት ዓመታት አንድ በአንድ መጡባት። ባሏ ገበታ ላይ ቦታ ቀይሮ ነበር፤ ከግራዋ ወደ ፊት ለፊቷ። «ፊትሽን ላየው ብዬ ነው» ሲላት በዚህ ዕድሜው ማሽኮርመም ያማረው መስሏት ነበር። ስታወራ ዓይኑን ከከንፈሯ አይነቅልም። ከማድ ቤት ስትጣራ አይመልስም። አቤት ስንት ጊዜ ጮኻበታለች! «ጆሮ ዳባ ልበስ ትለኛለህ? ግድግዳ ነኝ እንዴ?» ስትለው እሱ ፈገግ ብሎ «እሺ» ይላታል። ብዙ ጊዜ «እሺ» ይል ነበር። እሺ የማያስፈልገው ነገር ላይ ሳይቀር እሺ ይላት ነበር። ሻይ ልጨምርልህ ወይስ ይበቃሃል? እሺ። የእህትህ ልጅ ስንት ዓመቷ ነው? እሺ።

ፌርማታዋ አለፋት። ቀጣዩ ላይ ወርዳ በዝናቡ ተመለሰች።

የመስሚያ መሣሪያ ሱቁ ጠባብ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ምንጣፍ ስለለበሰ የእግር ኮቴ አይሰማም። ነጭ ጋዎን የለበሰች ወጣት ሴት ተቀበለቻት። ጠራዧ የባሏን ሙሉ ስም ተናገረችና «እዚህ መጥቶ ነበር?» አለች።

ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻት። «ይቅርታ፣ ስለ ደንበኞቻችን መናገር አንችልም።»

«ሚስቱ ነኝ።»

«ይገባኛል። ቢሆንም እሳቸው ካልፈቀዱ…»

«ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር» አለች ሴትየዋ፤ ከልቧ መሆኑ ያስታውቃል። «በጣም አዝናለሁ። ግን መጥተውም ከሆነ የነገሩን ነገር የሳቸው ነው። ልነግርዎት አልችልም» አለች።

ጠራዧ ደሟ ፈላ። «ኮምፒውተሩ በየጠዋቱ ይነግረኛል እኮ! ጀምረሃል፣ ጨርስ እያለ ቤቴ ድረስ መጥቶ ይጮኻል። አንቺ ደግሞ ምስጢር ትያለሽ?»

ሴትየዋ አፈረች። «ማስታወቂያውን የሚያሠራልን ሌላ ድርጅት ነው። እንዲህ ሰው ቤት ድረስ እንደሚሄድ አላሰብነውም። ቢሮ ውስጥ እንነጋገርበታለን።» ወንበር ሳበችላት። «ስለ እሳቸው አልነግርዎትም። ስለ ጆሮ ግን የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

ጠራዧ ተቀመጠች። ካፖርቷ ውሃ እያንጠባጠበ ምንጣፉን አረጠበው። «ሞተር አጠገብ የኖረ ሰው፣ መጀመሪያ የሚጠፋበት ምንድነው?» አለች።

«ቀጭን ድምፅ። የወፍ ድምፅ፣ የስልክ ጥሪ፣ የሕፃናት ድምፅ።» ሴትየዋ ቃሏን እየመረጠች ቀጠለች። «አንዳንድ የሴት ድምፅም። ወፍራሙ ግን ይቀራል። ስለዚህ ሰውየው እሰማለሁ ነው የሚለው፤ ውሸቱንም አይደለም።»

ከዚያ እንዲህ ያለ ጆሮ እንዴት እንደሚሰማ ለቤተሰብ የሚያሳዩበት መሣሪያ እንዳለ ነገረቻት፤ ከፈለገች ልትሞክረው ትችላለች። ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ አጠለቀችላትና ማይክሮፎን ሰጠቻት። «ይናገሩ፤ የራስዎን ድምፅ ይስሙ።»

ዓለም ባንዴ ውሃ ውስጥ ገባች። የመንገዱ የመኪና ድምፅ ወፍራም ሆኖ ከሩቅ ያጉረመርማል። ሴትየዋ አፏን ታንቀሳቅሳለች፤ የሚወጣው ግን የቃል ጥላ ነው። ጠራዧ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አስጠጋች። ምን እንደምትል አላሰበችበትም። «አንተ ሰውዬ» አለች፤ «ሻይ ቀርቧል፣ ና።»

ምንም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፣ ጉሮሮዋ ተንቀጠቀጠ፤ ጆሮዋ የደረሰው ግን ጭጋግ ነበር። በጭጋጉ ውስጥ የሆነ ሰው በጣም ከሩቅ የሚጣራ ይመስላል፤ ሐይቅ ማዶ ቆሞ እንደሚጣራ ሰው። ደግማ ጠራችው፤ በስሙ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሏ በተቀመጠበት ተቀመጠች። ቦታው የሚያስፈራ አልነበረም። የተረጋጋ፣ ግን ብቻውን የሆነ ቦታ ነበር፤ ሰው ፈገግ ብሎ እሺ ከማለት በቀር የሚያደርገው የማይኖርበት።

ማዳመጫውን ስታወልቅ ዝናቡ ተመልሶ በጆሮዋ ጥርት ብሎ ገባ። ሴትየዋ መሐረብ ሰጠቻት፤ ምንም አልጠየቀቻትም።

ስትመለስ በእግሯ ሄደች። ቁጣዋ ፌርማታው ጋ ሳትደርስ አልቆ ነበር። በልቧ ሁለቱን ታነጻጽራለች። አንዱ፣ ማስታወቂያውን የሚልከው፣ ባሏን በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ይሁንና ያፈረበትን ነገር በየጠዋቱ ለማንም ይለፍፋል፤ ሚስቱ ትሁን ሌላ ሰው ግዱም አይደለም። ይህች ልጅ ደግሞ አይታው ይሆናል፣ አነጋግራው ይሆናል፤ ግን ሞቶም እንኳ ቃሉን ጠበቀችለት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? የሷ ሰውዬ ግን ባዳውን ያወቀው ራሱ ነው፤ ከማንም ቀድሞ። ሲነግራት ሊነግራት ነበር። ወይም ጭራሽ ላይነግራት። ያ የሱ ነበር። ዓሣውም የሱ ነበር። እሷ ግን ለሦስት ወር ያህል በሞተ ሰው ኪስ ውስጥ እጇን ከትታ ስትዳብስ፣ አገኘሁት እያለች ስትደሰት ከርማለች።

ቤት እንደገባች ለልጇ ደወለች። «ሚጣዬ፣ ያን ያልሺውን ነገር አድርጊልኝ። አግጂልኝ።»

«ምን ተፈጠረ እማዬ?»

«ምንም። ደከመኝ።»

እሑድ ከሰዓት ልጅቷ መጣች። ከመጀመሯ በፊት «ለመጨረሻ ጊዜ ማየት ትፈልጊያለሽ?» አለቻት። ጠራዧ አሰበችበት። ጠዋት ስታየው የቀረው የጉልበት ቅባትና ያቺ መስኮት ዳር ያለችው ሽበታም ሴት ነበሩ። «አልፈልግም» አለች።

ሚጣ ማገጃውን ጫነች፤ የቆዩትን ዱካዎች ጠራርጋ አጠፋች። እውነትም ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ስለ ሻጋታ የሚያወራው ገጽ ተመልሶ ሲከፈት ግራና ቀኙ ነጭ ነበር። ጽሑፉ ብቻውን መሃል ላይ ቆሟል። ጠራዧ የሆነ ነገር ከቤቱ እንደወጣ፣ በሩም ቀስ ተብሎ እንደተዘጋ ተሰማት። አለቀሰች፤ ልጇም አብራት አለቀሰች። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ከወራት ወዲህ ተኝታው የማታውቀውን እንቅልፍ በቀን ተኛች። በሕልሟ ሐይቅ አላየችም። ምንም አላየችም።

ስትነቃ ፀሐይዋ ወለሉ ላይ ረዝማ ነበር። ሚጣ ፈተና እያረመች ነው። ቀና ሳትል «እማዬ፣ ያን ቀን እንደዚያ የጮኽሽብኝ ሴትዮ፣ ምን አይተሽ ነው ሐሳብሽን የቀየርሽው?» አለቻት።

እናቷ ሶፋው ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። «የአባትሽ ነገር ነው» አለች። «የሱ ነው።»

ልጅቷ ሌላ አልጠየቀቻትም፤ ወደ ፈተናዋ ተመለሰች።

አንድ ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ አሮጌ መጽሐፍ ስለ መጠገን የሚጽፍ አንድ ሰውዬ ገጽ ስትከፍት፣ ጽሑፉ ላይ ትንሽ መልእክት ተለጥፎ አገኘች። «ማስታወቂያ እንደሚያግዱ አያለሁ። አልቀየምዎትም። ግን ይህን ገጽ የማቆየው በማስታወቂያ ገቢ ነው፤ ማንንም ተከትሎ የማይሄድ አንድ ማስታወቂያ ብቻ ነው ያለኝ። ፈቃድዎ ቢሆን?» ይላል። ለሚጣ ደውላ ለዚህ ሰው ብቻ በሩን እንዴት እንደምትከፍትለት ጠየቀች። «ያንኳኳ ሰው ደጅ አይቀርም» አለቻት። ከዚያ ወዲህ የሰውየው ገጽ ላይ የሙጫ ማስታወቂያ ይወጣል፤ ለሁሉም ሰው የሚወጣ፣ አንድ ዓይነት። ሙጫውን ገዝታ ሞከረችው። የማይረባ ሙጫ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንዲት አሮጊት የተገነጠለ መዝገበ ቃላቷን ለማሠራት ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ጠራዧ ሥራዋን እየሰፋች፣ ፊቷን ሳታነሳ፣ «አርብ ይደርስልዎታል» አለቻት። አሮጊቷ ፈገግ ብላ «እሺ» አለች፤ ግን ካለችበት አልተንቀሳቀሰችም።

ጠራዧ መርፌዋን ወረቀቱ ላይ ሰካች። ተነስታ ጠረጴዛውን ዞረች፣ መብራቱ ፊቷ ላይ እንዲያርፍ አድርጋ አሮጊቷ ፊት ለፊት ቆመች። ድምፅዋን አወፍራ፣ ቃሉን ሳታቻኩለው፣ «እማማ፣ አርብ ይምጡ» አለቻት።

«አርብ!» አለች አሮጊቷ። «አርብ እመጣለሁ።»